ያለ ሳላሃዲን ፈቃድ አይከፈትም

ነገሌ ቦረና
ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለዘመዴ ለሳላሃዲን ከድር፣
ናይሮቢ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ሰላምታ ከነገሌ ተነስቶ የአሬሮን አቧራ፣ የዱብሉቅን ፀሐይና የሞያሌን ፍተሻ አልፎ ምንም ሳይጎድልበት እጅህ እንዲገባ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትህ እትዬ ኡሙልኸይር ደህና ናት። ዝናቡ ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ጽሑፉን እይ። የማን ይመስልሃል? ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ የከተማውን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፈውና የሚያነበው ፈቀደ እንዳይመስልህ። ፈቀደ ከእኛ ቤት የሚያገኘው ገበያ ተዘግቷል። ይህን የጻፍኩት እኔ ናስር ልብስ ሰፊው፣ የአባትህ የአክስት ልጅ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በገዛ እጄ ነኝ! ቁጭ ብለህ ከሆነ የምታነበው ተነስ፤ ቆመህ ከሆነ ቁጭ በል።

ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ። መምህርታችን ትንቢት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል፣ ቁጣዋ ግን ከአባቴ ይበልጣል። አርባ አንድ ተማሪ ነን። አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ። እርግጥ ይህን እስካሁን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ መምህርቷ ገና አላለችም። እናትህም ከእኛ ጋር ትማራለች፤ ፊተኛው ወንበር ላይ መነጽሯን አድርጋ ትቀመጣለች። ከእኔ ቀጥላ ሁለተኛ ናት።

በሱቄም ለውጥ አለ። ዱሮ የደንበኛን ጨርቅ የምለየው በጠመኔ ሥዕል ስዬ ነበር። ለረጅሙ ለዶዮ ግመል እስልለት ነበር። አንድ ቀን ግመሉ ሳይራገፍ ሱሪውን ለብሶ ገበያ ወጣና ሦስት ወር አኮረፈኝ። አሁን «ዶዮ» ብዬ እጽፋለሁ፣ አበቃ። ስለዚህ አንተም ስልክ አትደውልልኝ። ፊደል ቆጥሬ ሳበቃ በጆሮዬ አልሰማህም፤ ጻፍልኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ጎረቤታችን ዙለይካ ለንግድ ናይሮቢ ስትመጣ የሰጠሃት ላፕቶፕ በሰላም ደርሷል። መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ሕፃን ታቅፋው መጣች። ትንቢት ለሰኔ 12 ምረቃችን የሁላችን ስምና የእያንዳንዳችን አንዳንድ አንቀጽ ያለበት መጽሔት ይውጣ ስትል፣ ለጽሕፈት ቢሮ ከፍለን እናስጽፍ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ያኔ ብድግ አልኩ። «እኛ ቤት ኮምፒውተር ተቀምጦ? ዘመዴ ሳላሃዲን ናይሮቢ ላይ የኮምፒውተር ሁሉ አለቃ ሆኖ? መጽሔቱ ከእኔ!» አልኩ። ተጨበጨበ። የበሬ ገበያ ሲደምቅ እንኳ እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ አብረህ የላክኸውን የአማርኛ ፊደል ሲዲ ስንከትለት ማሽኑ አልቀበልም አለ። ትንሽ የጋሻ ሥዕል ብቅ ይልና በእንግሊዝኛ ይከለክለናል። እዚህ ግባ የማይባል ነገር መሆን አለበት። አንድ ቃል ጣል አድርግና ጨርስልን።

ዘመድህ
ናስር ልብስ ሰፊው (ፊርማዬ ነው፤ ዱሮ አውራ ጣቴ ነበር)


ናይሮቢ
የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ናስር፣

ወዓለይኩም ሰላም። ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የመቀስዎ ስለት እንደምን ሰንብቷል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእርስዎ እጅ ወጣ ብሎ ማመን አቅቶኝ ነው እንጂ ጽሑፉ ግልጽ ነው። እጅግ ኮራሁብዎ።

እዚህ ሥራ በዝቶብኛል። ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ጠዋት የሚከፈተው በእኔ እጅ ነው። ሚኒስትር እንኳ ቢመጣ እኔን ሳይጠይቅ አያልፍም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ይከብደኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ላፕቶፑ አይጨነቁ። አጥፍተው መልሰው ያብሩት። ካልሆነ ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው እንደገና ይሞክሩ። አንዳንዴ አቧራ ነው።

እናቴ መማሯን ከእርስዎ ሰማሁ፤ ለእኔ አልነገረችኝም። የት ደረሰች? የእጅ ጽሑፍ ታነባለች? ደብዳቤ ማለቴ ነው። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ
ሳላሃዲን


ነገሌ ቦረና
የካቲት 30 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳላሃዲን፣

ጤናህን አላህ ይጠብቅልኝ፤ ሥራህንም እንዲሁ። ደብዳቤህ እንደ ልማዱ ሱቁ በረንዳ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ተነበበ። አንባቢው ግን እኔ ነበርኩ! ፈቀደ ከማዶ ቆሞ አንገቱን ሲያሰግግ አየሁትና ድምፄን ጨመርኩለት። «ሚኒስትር እንኳ ቢመጣ» የሚለውን ሁለቴ አነበብኩት። እናትህ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች።

ምክርህን ፈጽመናል። አጠፋነው፣ አበራነው። ሰባት ጊዜ። መብራትም በራሱ ጊዜ ሦስቴ አጥፍቶ አግዞናል። ሲዲውን ለሙሽራ በገዛሁት ሐር ጠረግሁት፤ ፊቴን እስካይበት ድረስ አበራሁት። ጋሻው ግን ንቅንቅ አላለም። የእኔ የስፌት መኪና ሠላሳ ዓመት ሲያገለግለኝ የጠየቀኝ ዘይት ብቻ ነው። ይሄ ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

ትንቢት አጠገቤ ቁጭ ብላ እንግሊዝኛውን ተረጎመችልኝ። «ጋሽ ናስር፣ ይህን ፕሮግራም መጫን የሚችለው የማሽኑ ኃላፊ ብቻ ነው ይላል። የይለፍ ቃሉን አስገቡ ይላል።»

«እሺ፣ አስገቢለታ።»

«አላውቀውማ።»

«አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?»

«ጋሽ ናስር፣ ቃሉን የሚያውቀው መጀመሪያ ማሽኑን ያዘጋጀው ሰው ነው።»

ይህን ሲሰማ ከኋላ የተቀመጠው ጎሊቻ ከዘራውን መታ መታ አደረገ። ጎሊቻ የዱብሉቅ ሰው ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ጥልቅ ኤላ፣ ማለት በውኃ ጉድጓዱ፣ ከብት ሲያጠጣ የኖረ፤ አሁን ልጁ ዘንድ ነገሌ መጥቶ ከእኛ ጋር ይማራል። «አካም፣ እንዴት ነው እናንተ የከተማ ሰዎች!» አለን። «እኛ ዘንድ ውኃው ሞልቶ ቢታይህም ዝም ብለህ ባልዲ አትሰድም። አባ ኮንፊው ማነው ትላለህ። መጀመሪያ የቆፈረው ማለት ነው። እሱ ሩቅ ቢሄድ እንኳ ፈቃዱ ከእሱ ዘንድ ነው፤ ሰው ትልክበታለህ። ሲዲ በጨርቅ ስትወለውሉ ትውላላችሁ! ይሄን ማሽን መጀመሪያ የቆፈረው ማነው?»

«ሳላሃዲን ነዋ!» አልኩት።

«እንግዲያው ሰው ላክበት።»

ይኸው ልኬብሃለሁ። ግን ላፕቶፑን ገልብጬ ሳየው ሆዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጥር 14 ይላል። ቁጥር ድሮም ከሜትሬ ተምሬያለሁ። ከአንተ በፊት ሌላ ባለቤት ነበረው እንዴ? ቃሉን አንተ ታውቀዋለህ ወይስ የሚያውቅ ከሥርህ አለ? ከሥርህ ካለ እዘዘው።

እናትህን ጠይቀኸኛል። ፊደሉን ጨርሳለች። የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመኪና ታርጋ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ያስቸግራታል። የአንተን ግን ቶሎ ትለምደዋለች፤ አራርቀህ ነው የምትጽፈው።

እስከ ሰኔ 12 ሦስት ወር ቀርቶናል። በአርባ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ቃሌ ካልተፈጸመ በዚህ ከተማ ሱሪ እንጂ ሌላ ነገር አልለካም።

ናስር


ነገሌ ቦረና
ሚያዝያ 10 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሳላሃዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዙለይካ ሁለት ጊዜ ሞያሌ ደርሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። አንተ ደብዳቤ የምትልክባቸው ሾፌሮችም ምንም የለንም አሉ። ታመህ ነው እንዳልል እናትህ በስልክ ድምፅህን ሰምታለች። ስለ ማሽኑ ስትጠይቅህ መስመሩ ተቋረጠ አለችኝ። የእኛ መስመር ይቋረጣል፣ እውነት ነው።

ጽሕፈት ቢሮ ያለው ሰውዬ ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ «ጋሽ ናስር፣ መጽሔቱ ደረሰ?» ይለኛል። «የናይሮቢ አለቃ በሥራ ተጠምዶ ነው» እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ግን መርፌ ጣቴን ይወጋኛል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ያለፈው አርብ እናትህ ያለፉት ስድስት ዓመታት ደብዳቤዎችህን ከሳጥኗ አውጥታ «ለልምምድ አንብባቸው» ብላ ሰጠችኝ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉንም አነበብኳቸው። ፈቀደ ያነበበልንን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተሾምኩ፣ መቶ ሰው ከሥሬ ነው፣ ወንበሬ ይሽከረከራል።» ወረቀቱ ላይ ግን ፈለግሁ፣ ገለበጥሁ፣ ወደ ብርሃን አቅርቤ አየሁ። ሥራ አስኪያጅ የሚል ቃል የለም። ወንበርም የለም። «ሥራ አግኝቻለሁ፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ አለቆቼ ያምኑኛል» ነው የሚለው።

ፖስታ ቤት ሄጄ ፈቀደን ያዝኩት። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ጋሽ ናስር፣ ሥራ አገኘሁ ያለበት ደብዳቤ የመጣ ቀን እትዬ ልጄ ተራበ ብላ አልቅሳ ነው የመጣችው። ደብዳቤው አጭር ነበር። ትንሽ አጣፈጥኩላት። ፊቷ ሲበራ ጊዜ ማቆም አቃተኝ።»

«ስድስት ዓመት አጣፈጥክ?»

«አንተ ራስህ በየወሩ ወንበሩ ስንት ዙር ይሽከረከራል ብለህ ትጠይቀኝ አልነበር?»

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። እኔ ጠብ ሳልጨርስ ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ጻፈው።

ሳላሃዲን፣ አልጠይቅህም። ይህን ብቻ እወቅ፦ ዱሮ ለእኔ የጻፍከው ነገር በፈቀደ አፍ፣ በሠፈሩ ጆሮ ነበር የሚያልፈው። አሁን ግን አንተ ወረቀት ላይ የጻፍከው ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ መሃል ላይ ማንም የለም። ፖስታው ላይ «ለብቻ» ብለህ ጻፍ። ያን ቃል ማንበብ እችላለሁ።

ናስር


ናይሮቢ
ግንቦት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.
(ለጋሽ ናስር፣ ለብቻ)

ጋሽ ናስር፣

እንደምን አሉ? ሰላምታዬን ዛሬ አጭር ያደረግሁት ረጅሙን ሌላ ቦታ ስለምፈልገው ነው።

እኔ የበር ጠባቂ ነኝ። ሰማያዊ ኮትና ኮፍያ አለኝ፣ ፊሽካ አለኝ፣ የእንግዳ መዝገብ አለኝ። ሚኒስትር ቢመጣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም ያልኩት እውነት ነው፤ መዝገቡ ላይ አስፈርመዋለሁ። የጻፍኩልዎ ሁሉ እውነት ነበር፣ ግን ሌላ ነገር እንዲመስል አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

መጀመሪያ እንዲያ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት እናቴ በስልክ «ሥራ አስኪያጁ ልጄ» አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው አላወቅሁም፤ የእርስዎ ደብዳቤ እስኪነግረኝ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ድምጿ በደስታ ተሞልቶ ስለነበር ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም ካሉ ደግሞ በማግስቱ መናገር ይከብዳል። በዓመቱ ይብሳል።

ላፕቶፑን ቢሮው አሮጌዎቹን ሲቀይር ለሠራተኞች በዕጣ ሰጠ፤ ለእኔ 14 ቁጥር ወጣልኝ። የሥጦታ ወረቀት አለው፣ በሰላም ይያዙት። ዙለይካ ልትወስድ ስትመጣ ኮቴንና ኮፍያዬን አውልቄ በሩ አጠገብ ካለው አበባ ሥር ደበቅሁና በሸሚዝ ጠበቅኋት። ምንም አልጠረጠረችም።

እርስዎ «ቃሉን የሚያውቅ ከሥርህ ካለ እዘዘው» ሲሉኝ ሁለት ወር እንቅልፍ አጣሁ። ቃሉን የሚያውቀው የኮምፒውተሩ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ«እንደምን አደሩ» በላይ ተባብለን አናውቅም። እንዴት ብዬ ፎቅ ወጥቼ ልጠይቀው? ልጠይቅ ብል ደግሞ ለእርስዎ ጠይቄ ነው ያገኘሁት ማለት ሊኖርብኝ ነው።

«መሃል ላይ ማንም የለም» ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ግን ኮፍያዬን እንዳደረግሁ ወጣሁ። አገር ቤት ያሉ አርባ አንድ ተማሪዎች ስማቸውን ማተም ፈልገው ማሽኑ ከለከላቸው አልኩት። አንዷ እናቴ ናት አልኩት። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እነዚያን አሮጌ ማሽኖች? የእነሱን ቃል አንተ ራስህ ታውቀዋለህ» አለኝ።

«እኔ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ስትጠራው በመስኮት እሰማሃለሁ። ቃል ምረጥ ሲሉኝ ሌላ አልመጣልኝም።»

ጋሽ ናስር፣ የግቢያችን ውሻ ስም ነው። ቹዊ። በስዋሂሊ ነብር ማለት ነው፤ ነብር ግን አይመስልም። የሕንፃው አርባ ኮምፒውተር የሚከፈትበትን ቃል እኔ በር ላይ ቆሜ ለፍርፋሪ ስጠራው ነው የኖርኩት። አዲሶቹ ማሽኖች ሌላ ቃል አላቸው፣ የድሮውን ለመንገር ግድ የለም ብሎ ራሱ ጻፈልኝ። እንግሊዝኛውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ለትንቢት ይስጧት፤ አንዷንም ፊደል እንዳትቀይር።

ለእናቴ አይንገሯት። ወይም ይንገሯት። አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።

ሳላሃዲን


ነገሌ ቦረና
ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር ዘመዴ ለሳላሃዲን ከድር፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከነገሌ ደረቱን ነፍቶ ይድረስህ። ከትናንት ወዲያ ተመርቀናል። ቁጭ በል፣ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ደብዳቤህ ግንቦት 29 ገባ። ጎረቤቱ በረንዳው ላይ ተሰብስቦ «አንብብ! አንብብ!» ይላል። «ለብቻ» የሚለውን አየሁና ከጨርቁ ጀርባ ገብቼ አነበብኩ። አንዱን ገጽ ሁለቴ አነበብኩት፤ ዓይኔ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ገብቶ ነበር። ስወጣ ፈቀደ ሳይቀር ቆሟል።

ጎሊቻ ከዘራውን አነሳ። «ናጋ ነው? ሰላም ነው? አባ ኮንፊው ተገኘ?»

«ተገኘ!» አልኩ።

«ምን አለ?»

«ቅዱ አለ።»

የነገሌ ሰው ናስርን አንድ ቃል ተናግሮ ሲያቆም ያየው ያን ቀን ነው።

ማታ ትንቢት የውሻህን ስም ፊደል በፊደል ነካችው። ጋሻው ብቅ አለ፣ ትንሽ አሰበ፣ ሄደ! አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሞላ። ከዚያ ነጩ ላይ «ሀ» አለ። ሳላሃዲን፣ በዚያ ክፍል የጮኽነው ጩኸት አሬሮ ሳይሰማ አይቀርም። እያንዳንዱ ሰው ስሙን በራሱ ጣት እንዲጽፍ ወሰንን። ጎሊቻ «ጎ»ን ፍለጋ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ሲያገኛት ሦስቴ መታትና «ጎጎጎሊቻ» ሆነ። አጥፉት ስንለው «ተዉት፣ ውኃ ሲገኝ ነው» አለ። ለክፉ አይስጠው፣ አጠፋነው።

እናትህ የመጨረሻ ነበረች። ስሟን ጻፈች። ከዚያ ዘወር ብላ «ናስር፣ የልጄን ደብዳቤ ስጠኝ» አለችኝ።

«ለብቻ ነው የጻፈልኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ራሴ እነግርሃለሁ። የበር ጠባቂ ነው።»

ትንቢት ያልሰማች ለመምሰል ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እናትህ ግን አልደነገጠችም። «ልጄ የከፈተልን እኮ ነው» አለች። «መጽሔቱ መጨረሻ ላይ ሥራውን ጻፉልኝ። በትክክል ጻፉት። ፈቀደ እንዳይነካው።»

ፈቀደ በሩ ላይ ነበር። «አልነካም፣ እትዬ» አለ። ወረቀቱን ማተሚያ ቤት ተሸክሞ የሄደው ግን እሱ ነው።

አንድ ቅጂ ልኬልሃለሁ። የኋላ ሽፋኑን ተመልከት፦ «ይህ መጽሔት የተዘጋጀው በናይሮቢ የበር ጥበቃ ሠራተኛ በሆነው በልጃችን በሳላሃዲን ከድር ፈቃድ ነው።» በምረቃው ቀን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቢሮ ያለው ሰውዬ ፊተኛ ረድፍ ነበር፤ ወደ እሱ ዞሬ ደግሜ አነበብኩለት። ጭብጨባው «መጽሔቱ ከእኔ!» ካልኩበት ቀን ይበልጥ ነበር። አርባ ኮምፒውተር በስሙ የሚከፈት ውሻ ያለው ሰው በዘመድነት ያለው በዚህ ቆላ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይናገር!

አንደኛ የወጣችው እናትህ ናት። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሦስተኛ ነህ የሚሉ አሉ፣ አትስማቸው።

ከዚህ በታች ያለውን ቦታ ተውልኝ ስላለችኝ ትቻለሁ። ብዕሩን ነጥቃኛለች።

ዘመድህ ናስር


ልጄ ሳላሃዲን፣

ይህ የእናትህ እጅ ነው። መስመሩ ቢወላገድ አትፍረድ።

ዙለይካ ኮፍያህን ከአበባው ሥር አይታዋለች። በጥር ነገረችኝ። ለማንም አልነገርኩም። ኋላ ደብዳቤዎችህን ለናስር የሰጠሁት ለዚሁ ነው፤ አንተ እስክትናገር መንገድ ልጥረግልህ ብዬ።

ወንበሩን አልወደውም ነበር። የሚሽከረከር ወንበር ላይ ያለ ልጅ ይወድቃል ብዬ ሌሊት እፈራ ነበር። የቆመ ልጅ ይሻለኛል።

ኮቱንና ኮፍያውን አድርገህ ፎቶ ተነስና ላክልኝ። ውሻውም ይግባበት። ከኋላው ስሙን ጻፍበት፣ በአማርኛ። እኔው አነበዋለሁ።

እናትህ ኡሙልኸይር